ጉልሕ ፊደል፤ ከመቃ ብርዕ እስከ ቆቦ ጎዳና

ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን አልፎ ወልድያ የደረሰ መንገደኛ ጉዞውን ወደ ሰሜን ሲቀጥል ጎብዬንና ሮቢትን ተሻግሮ ወደ ራያ ሜዳ ይገባል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ግድግዳ ይታየዋል፤ በመካከላቸው ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ቆቦ ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ፀሐይዋ የጠነከረ፣ በበጋ አቧራዋ የሚበዛ የቆላ ከተማ ናት። ፀሐይ ቀለምን ታነጣለች፤ አቧራ ጽሕፈትን ይሸፍናል፤ መኪናም በፍጥነት ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ጎዳና ላይ ለሱቅ፣ ለሻይ ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለወፍጮ ቤት ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ፊደሉን ማወፈርና ማጉላት ግድ ይሆንበታል።

ይህ የወፈረና ራሱና እግሩ በጠርዝ ያጌጠ ፊደል ከየት መጣ? ብዙ ሰዎች ከውጭ አገር የማተሚያ መኪና ጋር የገባ የንግድ ፊደል ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ከፊሉ ብቻ እውነት ነው። ቅርጹ የራሳችን ነው፤ የተሰጠው ሥራ ግን አዲስ ነው። ቅርጹና ሥራው እንዴት እንደ ተገናኙ፣ በመገናኘታቸውም ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ጠፋ መመርመር ለማተሚያ ቤት ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ንድፍ ለሚነድፍ፣ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ለሚያሠራ፣ በመለኪያ ላይ ቁጥርና ምሕፃረ ቃል ለሚያስጽፍ መሐንዲስ ሁሉ የሚመለከት ነው።

የመቃው ሥራ

በአክሱም ዘመን በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት፣ ለምሳሌም በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የንጉሥ ኢዛና ጽሕፈት፣ የመስመሩ ውፍረት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው ለማለት ይቻላል። መሮ በድንጋይ ላይ ወደ ታችም ሲሄድ ወደ ጎንም ሲሄድ የሚያወጣው ጎድጓዳ ተመሳሳይ ነውና። ፊደሉ ወፍራምና ቀጭን መስመር ለይቶ የያዘው በብራና ላይ ነው።

ምክንያቱም መሣሪያው ነው። የመቃ ብርዕ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀረጻል። ጸሓፊው ብርዑን ከላይ ወደ ታች ሲስበው የጫፉ ሙሉ ስፋት ብራናውን ስለሚነካ ቋሚው መስመር ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲስበው ደግሞ በጠርዙ ስለሚሄድ አግዳሚው ይቀጥናል። መስመሩን ሲጀምርና ሲጨርስ ብርዑን ትንሽ ዘንበል ሲያደርገው በፊደሉ ራስና እግር ላይ ሾል ያለ ጠርዝ ይቀራል። ፈረንጆች ሴሪፍ የሚሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ጠርዙ በኋላ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን የመሣሪያው ዱካ መሆኑ ነው። ቁም ጸሓፊ የሚባለው ባለሙያ የሚመሰገነውም ይህን የወፍራምና የቀጭን ሚዛን ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ሳያዛባ በመጠበቁ ነበር።

ለዚህ ምስክር የሚሆን መጽሐፍ ከቆቦ ሩቅ አይደለም። በዚያው በደሴ መንገድ ላይ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዘመናቸው ተጽፎባቸው ከሚገኙት ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። የዚያ ዘመን ፊደል ማዕዘኑ የጠነከረ፣ አቋሙ የከበደ ነው። ከዚያም በኋላ በጎንደር ዘመን፣ በተለይም ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ፣ ለነገሥታትና ለታላላቅ አድባራት በሚጻፉ መጻሕፍት ላይ ትልቅና ወፍራም የሆነ የጽሕፈት ዓይነት ተስፋፋ፤ ስሙም ጉልሕ ተባለ። ከእርሱ በአንጻሩ የቆመው ቀጭኑና ደቃቁ ጽሕፈት ረቂቅ ይባላል። ስለዚህ ጉልሕ የሚለው ቃል ራሱ ከማተሚያ መኪና በፊት የነበረ የጸሓፍት ቃል ነው።

በወሎ በእስላሙ ትምህርት ቤትም ያው መሣሪያ ነበረ። ተማሪው ቁርዓንን በሉሕ ላይ የሚጽፈው ከጥላሸት በተዘጋጀ ቀለምና በተቀረጸ እንጨት ነውና የዐረብኛው ፊደልም ውፍረቱንና ቅጥነቱን ያገኘው ከዚሁ ከጫፉ ስፋት ነው። ሁለቱ ጽሕፈቶች በመልክ ቢለያዩም ሕጋቸው አንድ ነው።

ሆኖም አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በብራና ላይ ጉልሕና ረቂቅ በአንድ ገጽ ተደባልቀው አንዱን ቃል ከሌላው ለመለየት አያገለግሉም ነበር። መጽሐፉ ጉልሕ ከሆነ በመላው ጉልሕ ነው። ለመለየት የሚያገለግለው ቀይ ቀለም ነበር። የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መነሻ በቀይ ይጻፋል። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ተብሎ አይከፈልም፤ ዘንበል ያለ ዓይነትም አልነበረውም። የማክበርና የመለየት ሥራ ሁሉ የወደቀው በቀዩ ቀለም ላይ ነበር።

ከሮም እስከ ፍራንክፈርት

የግዕዝ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ የታተመበት በሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። አታሚው የብራናውን ልማድ በመከተሉ በጥቁርና በቀይ ቀለም አተመው። ለዚህም አንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ በማተሚያው ሥር ማለፍ ነበረበት፤ ድካሙም ወጪውም በዚያው መጠን ይጨምራል።

ከ35 ዓመት በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። ፊደል ለቃሚዎቹ ግዕዝ የማያውቁ፣ አባቶችም የኅትመት ጥበብ የማያውቁ በመሆናቸው በመጽሐፉ ውስጥ ስሕተት ገባ፤ አባቶችም አንባቢን በመጽሐፉ ውስጥ ይቅርታ ጠየቁ። ስሕተት እንዲበዛ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ፊደሎቹ በጥቃቅን ቅጥያ ብቻ የሚለያዩ መሆናቸው ነው። ፊደሉን የማያውቅ እጅ ቅጥያውን እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል። ይህ ችግር ከ400 ዓመት በላይ ሳይለቀን እንደ ቆየ ወደ ፊት እንመለከታለን።

በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በአሁኑ ወሎ ውስጥ ከሚገኘው ከመካነ ሥላሴ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታ ከተማ የሊቁ የሂዮብ ሉዶልፍ እንግዳ ሆነው ቋንቋውንና የአገሩን ታሪክ አስተማሩት። ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698፣ መዝሙረ ዳዊትን በ1701 በፍራንክፈርት ሲያሳትም ከእርሳሱ ፊደል በስተጀርባ የአንድ የወሎ ሊቅ ዓይንና ጆሮ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ደማቁ ፊደል በፈረንጅ አገር

በአውሮፓም ቢሆን አንዱን ቃል ከሌላው ለመለየት ፊደልን ማወፈር የቆየ ልማድ አይደለም። ፋብሪካና ንግድ ሲስፋፋ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ከሩቅ እንዲነበብ አስፈለገ። በለንደን ቪንሰንት ፊጊንስ እ.ኤ.አ. በ1815 እግሩ እንደ ጡብ የወፈረ ፊደል ለገበያ አቀረበ። በ1845 ደግሞ ሮበርት ቤስሊ ክላረንደን የተባለውን ፊደል አስመዘገበ። የክላረንደን ፋይዳ ከተራው ጽሑፍ ጋር በአንድ መስመር ላይ ቆሞ፣ ለምሳሌ በመዝገበ ቃላት ውስጥ፣ ዋናውን ቃል ከትርጓሜው ለይቶ ማሳየቱ ነበር። በቺካጎ የነበረው ኦስዋልድ ኩፐር በ1922 ያወጣው ኩፐር ብላክ ደግሞ ጠርዙን አድበልብሎ ውፍረቱን አበዛውና የማስታወቂያ ሁሉ ተወዳጅ ሆነ።

እንግዲህ የላቲን ፊደል ሲወፍር የሚያጋጥመው ችግር ቀላል ነው። 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ ፊደላት ናቸው፤ የብዙዎቹም ሆድ ሰፊ ነው። አንዱ ቢወፍር ሌላውን ይመስላል ተብሎ ብዙም አይፈራም። የእኛ ፊደል ግን እንደዚህ አይደለም።

ቀዩ ቀለም በጥቁር ሲተካ

በኢትዮጵያ የኅትመት ሥራ በሰፊው የተጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚታደለው። በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከዚያ በኋላ የአገሩ የኅትመት ማእከል ሆነ። ጋዜጣ በፍጥነትና በርካሽ መታተም አለበት፤ ሁለት ቀለም ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ስለሆነም ቀዩ ቀለም ቀርቶ አርእስቱ በትልቅና በወፍራም ጥቁር ፊደል ይታተም ጀመር። በ1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲመሠረቱ አንባቢው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ወፍራሙ አርእስት ልማድ ሆኖ ነበር።

በዚህ ጊዜ ጉልሕ ፊደል አዲስ ሹመት አገኘ ማለት ነው። ቀድሞ የመጽሐፉን ጠቅላላ ክብር ያሳይ የነበረው አሁን በአንድ ገጽ ላይ ዋናውን ከተራው የሚለይ ሆነ። ትልቅ ፊደል በሌለው ጽሕፈት ውስጥ ይህ ሥራ እጅግ አስፈላጊ ነበርና ወዲያው ሥር ሰደደ።

ነገር ግን ሒሳቡ ከባድ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቢባዙ 231 ይሆናሉ። 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ 251 ናቸው፤ እንደ ቋ፣ ጓ፣ ኳ ያሉት ዲቃሎችና ሥርዓተ ነጥቦች ገና አልተቈጠሩም። አንድ ማተሚያ ቤት በሦስት መጠን፣ በተራና በወፍራም ዓይነት ልያዝ ቢል ከ1,500 የማያንሱ የተለያዩ ቅርጾች ማስቀረጽ ሊኖርበት ነው። ወፍራሙን ፊደል እያንዳንዱን በጥንቃቄ ከማስቀረጽ ይልቅ የተራውን ዙሪያ አስፍቶ መገላገል የሚያጓጓው በዚህ ምክንያት ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የቀለበቱ ጉዳይ

በፊደላችን ድምፁን የሚወስነው ዋናው አካል ሳይሆን ጥቃቅኑ ቅጥያ ነው። ሣልሱ ሊ ከእግሩ ሥር አጭር ሰረዝ አለው፤ ኃምሱ ሌ በዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አለው። ፊደሉ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲወፍር መጀመሪያ የሚደፈነው የቀለበቱ ቀዳዳ ነው። ቀለበቱ ተደፍኖ ጥቁር ነጥብ ሲሆን ሌ ከሊ፣ ቤ ከቢ፣ ሜ ከሚ አይለይም።

አንባቢው የሚያውቀውን ቃል በልማድ ስለሚያነብ ጉዳቱ ላይታየው ይችላል። ቤት የሚለው ቃል ቢት ቢመስል ማንም ቤት ብሎ ያነበዋል። በምሕፃረ ቃል ላይ ግን የሚረዳው ዐውድ የለም። በእኛ ሙያ ሜ.ዋ. ሜጋ ዋት ሲሆን ሚ.ዋ. ሚሊ ዋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቢሊዮን እጥፍ ነው፤ በወረቀት ላይ የሚለያቸው ግን የአንዲት ቀለበት ቀዳዳ ብቻ ናት። በጽሕፈት ሥራ ውስጥ ይህን ያህል ትልቅ ነገር በዚህን ያህል ትንሽ ነገር ላይ የተንጠለጠለበት ስፍራ ብዙ አይገኝም።

የቆቦ ስም ራሱ ጥሩ ፈተና ነው። ቆ ከቅ የሚለየው በራሱ ላይ ባለው ትንሽ ቀለበት ነው፤ ቅ በዚያው ስፍራ ላይ ሰበር ያለች መስመር ብቻ አለው። ቦ ደግሞ ቀኝ እግሩ አጠር ያለ ሲሆን ባ ግራ እግሩ ያጠረ ነው። የቆው ቀለበት ከተደፈነ፣ የቦውም እግሮች በወፍራም ጠርዝ ተጐትተው እኩል ሊሆኑ ከተቃረቡ፣ እንግዳ የሆነ መንገደኛ የከተማዪቱን ስም ለማንበብ መቸገሩ አይቀርም። የአገሬው ሰው ግን ሰሌዳውን የሚያነበው ሳይሆን የሚያስታውሰው በመሆኑ ጥፋቱ አይታየውም። ሰሌዳ ደግሞ የሚቆመው ለእንግዳ ነው።

መኪናው ወይስ ፊደሉ?

ይህ ጥያቄ በጽሕፈት መኪና ላይ ይበልጥ ጐልቶ ታየ። 44 ቁልፍ ያለው የጽሕፈት መኪና በሁለት ደረጃ ሲቈጠር 88 ምልክት ብቻ ይጽፋል። ኢንጂነር አያና ብሩ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ችግሩን የፈቱት ፊደሉን ወደ ክፍሎቹ በመበተን ነበር። ዋናው አካል በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ ቁልፍ ይመታና በወረቀቱ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ታላቅ የምሕንድስና ሥራ መሆኑ አይካድም። መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት መንገድ ይኸው ነበርና። በኋላም ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ፊደሉን ለቴሌፕሪንተር ለማብቃት ደክመዋል።

ዋጋው ግን ተከፍሏል። ቅጥያው ከአካሉ ተለይቶ ስለሚመታ አንዳንዴ ይርቃል፤ አንዳንዴ ይደረባል። ወፍራሙና ቀጭኑም መስመር ጠፍቶ ሁሉም እኩል ሆነ። ፊደልን ስለ ማሻሻል በተደረጉት ክርክሮች ውስጥ አንዳንዶች ፊደሉ ለመኪናው እንዲቈረጥ፣ ሌሎች መኪናው ለፊደሉ እንዲበጅ ይሟገቱ ነበር። ክርክሩ በቃል ሳያልቅ ጊዜ ፈታው፤ መኪናው ተለወጠ፤ ፊደሉ ቆየ።

አዲስ አንባቢና አሮጌ ብሩሽ

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። በጉልምስና ዕድሜው ፊደል የሚቈጥር ገበሬ ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን አይደለም፤ ማታ በኩራዝ ብርሃን ነው የሚማረው። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ትልቅና ግልጽ ፊደል ቅንጦት አይደለም። የሊና የሌ ልዩነት ካልታየው የትምህርቱ መሠረት ይናጋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ቆቦ፣ አላማጣና ኮረም የብዙ መከራ ስፍራዎች ሆኑ። የእርዳታው እህል የመጣበት ከረጢት ትልልቅና ወፋፍራም የላቲን ፊደላት የታተሙበት ነበር። የተቀበለው ሕዝብ አብዛኛው ሊያነበው አይችልም። ፊደል የቱንም ያህል ቢጐላ ለማን እንደ ተጻፈ ካልታሰበ ጥቅሙ ለጻፈው ብቻ መሆኑን ያ ከረጢት ያሳያል።

በቆቦም ሆነ በሌሎች የወሎ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ሰሌዳ የሚጽፈው ሠዓሊ በጠፍጣፋ ብሩሽ ነበር የሚሠራው። ጠፍጣፋ ብሩሽ ከመቃ ብርዕ ጋር አንድ ሕግ አለው። ወደ ታች ሲሳብ ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲሳብ ይቀጥናል፤ ሲነሣም ጠርዝ ይተዋል። ሠዓሊው ቁም ጸሓፊ ባይሆንም እጁ በመሣሪያው ተመርቶ ወደ ጉልሕ ይመለሳል። ከዚህም የሚበልጠው፣ ቀለበቱን የሚሥለው በጫፉ ለብቻ ነውና ቀዳዳው እንዳይደፈን ዓይኑ ይጠብቀዋል። ያ ሠዓሊ የቋሚውን ውፍረት ሲጨምር የቀለበቱን ውፍረት እኩል አይጨምርም፤ ይልቁንም ቀለበቱን ወደ ውጭ ያሰፋዋል። ይህ ነው ትክክለኛው የጉልሕ ፊደል ስልት።

በኮምፒዩተር ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ። በ1999 የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥር ሰጠው። የቦታ ጥበት የሚለው የዱሮ ምክንያት በዚህ ተወገደ፤ 251ም ሆነ 1,500 ቅርጽ ለኮምፒዩተር ሸክም አይደለም።

ሆኖም አንድ አዲስ ወጥመድ መጣ። ከማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ጋር ከ2007 ጀምሮ የተሠራጨው ኒያላ እንዲሁም አቢሲኒካ የተባለው ፊደል የብራናውን ጽሕፈት ጠባይ በመልካም ሁኔታ የጠበቁ ናቸው፤ ነገር ግን የተሠሩት በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ጸሓፊው ማወፈሪያውን ሲጫን ኮምፒዩተሩ የሌለውን ወፍራም ዓይነት ከራሱ ይፈጥራል፤ ይኸውም ዙሪያውን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ማስፋት ነው። በእርሳሱ ዘመን ያጓጓ የነበረው አቋራጭ በቁልፍ ተመለሰ ማለት ነው። በብሩሽ ፈንታ በማሽን የሚታተሙት የዛሬ ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ ቀለበታቸው የተደፈነው በዚህ ነው። በአንጻሩ ኖቶ ሰሪፍ የተባለው የኢትዮጵያ ፊደል ከቀጭኑ እስከ እጅግ ወፍራሙ ድረስ በተለያየ ውፍረት ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ቀለበቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ለባለሙያው የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጉልሕ ፊደል ማለት ብዙ ቀለም የጠጣ ፊደል ማለት አይደለም። ቋሚው የወፈረ፣ አግዳሚው የቀጠነ፣ ጠርዙ የታወቀ፣ ቀለበቱም የተከፈተ ፊደል ማለት ነው። ውፍረቱ ከሩቅ ይጠራል፤ ክፍተቱ ከቅርብ ያስነብባል። አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነው።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ ውኃ ከጕድጓድ በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተሳበ እርሻ ይጠጣል። በፓምፑ ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ የሚያነበው ምናልባት የገበሬው ልጅ፣ ምናልባትም ራሱ ገበሬው ነው። ሰሌዳውን የሚያሠራው መሐንዲስ የሽቦውን ውፍረት በሒሳብ ካሰላ በኋላ የፊደሉን ውፍረት በአጋጣሚ መተው አይገባውም። ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት ከሚነበብበት ርቀት ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ይመልከት፤ የሌ ቀለበት ክፍት ነው ወይስ ተደፍኗል? የጥንቱ ቁም ጸሓፊ ብራናውን ከመጠቅለሉ በፊት ይህንኑ ይመለከት ነበር።